የባሌ ሲንግሎች

ሰው ስልሳ ዓመት ከሞላው በኋላ አዲስ ነገር ባይጀምር ምን ይጎድልበታል? እውነቴን ነው የምጠይቃችሁ። የሰው ባል ጡረታው ሲቃረብ ጉልበቱን ያመዋል፣ ጓሮ ቃሪያ ይተክላል፣ ቢብስ ቢብስ ስለ ፖለቲካ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጣላል። የእኔው አበራ ግን ሸክላ ጀመረ። ድስት የሚሠራበትን ሸክላ አይደለም፤ እሱንማ ቢጀምር ደስ ባለኝ። የሚሽከረከረውን፣ ጥቁሩን፣ መርፌ ሲቀመጥበት የሚንጫጫውን የሙዚቃ ሸክላ ነው የምላችሁ።

ያገኘውን ሸክላ ሁሉ ቢሰማ እንኳ አንድ ነገር ነው። እሱ የያዘው የአንድ ባንድ ብቻ ነው። አምስት ቀጫጭን የእንግሊዝ ልጆች ናቸው። ፈረንጆቹ ስልሳዎቹ በሚሉት ዘመን ፀጉራቸውን ዓይናቸው ላይ ለቀው፣ የጥቁር አሜሪካውያንን እንጉርጉሮ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጮኹበት የነበሩ። ብሉዝ ሮክ ይሉታል። ስማቸውን አልጠራላችሁም፤ ቤቴ ውስጥ ከበቂ በላይ ተጠርቷል። ከእነሱም ቢሆን ትልልቁን አልበም አይፈልግም። ሲንግሎቹን ብቻ። ፊቷ ላይ አንድ፣ ጀርባዋ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ ያለባትን ትንሿን ሸክላ ማለት ነው። በእኛ ነጠላ ዜማ የሚባለው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ አበራ ምን እየሠራ ነው ብትለኝ፣ ነጠላ እየሰበሰበ ነው አልኳት። እሷ እቴ፣ ሰው ሲመጣ ጠብቃ ከሽሮ ሜዳ ባለጥለት ነጠላ ላከችለት። አሁን ማጫወቻውን ከአቧራ የሚከልለው በእናቴ ጥለት ነው።

ይህ ጣጣ የመጣብን እኛ ከምንኖርበት ከላስ ቬጋስ አጠገብ ካለችው ከቦልደር ሲቲ ነው። እንግዶች መጥተውብን እዚያ አጠገብ ያለውን ትልቁን ግድብ ሊያሳያቸው ይዟቸው ሄደ። መንገድ ላይ የአንድ ሟች ሰውዬ ዕቃ በር ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ አየና መኪናውን ፓርክ አደረገ። ሲመለሱ እንግዶቼ ከኋላ ወንበር ሸክላ የታጨቀበት ካርቶን ጭናቸው ላይ ታቅፈው ነበር። ግድቡን አያችሁ ወይ ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ቦልደር ሲቲ ቁማር ክልክል ነው። ከላስ ቬጋስ ወጥቶ ቁማር በሌለበት ከተማ የተበላ ሰው ከባሌ በቀር አላውቅም።

ለምን ሲንግል ብቻ ሆነ ብትሉኝ ምክንያት አለው። ምክንያት የሌለው ባል የት አለ? ልጅ ሳለ አዲስ አበባ ጎረቤታቸው የሸክላ ማጫወቻ ነበረው አሉ። አበራ በአጥር ቀዳዳ ተለጥፎ ያዳምጣል። ሰውየው ግን ሰነፍ ነበር። ፊቷን ያጫውታል፣ ሲያልቅ መርፌውን መልሶ እንደገና ፊቷን። አንድም ቀን ገልብጦ ጀርባዋን አላጫወተም። ሰው ስለ ልጆቹ ያስባል፣ ስለ ነፍሱ ያስባል። የኔ ባል ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሸክላ ጀርባ ያሰበ ሰው ነው።

እንግዲህ አሁን ሲንግሎቹን ሪቪዚት እያደረግሁ ነው ይላል፤ ዳግመኛ እየጎበኘኋቸው ነው ማለቱ ነው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎቹ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነው የሚነዳው። ሺፍቱን ጨርሶ ሲገባ ሰላም ከማለቱ በፊት እጁን ኦፕራሲዮን እንደሚገባ ሐኪም ይታጠባል። ከዚያ አንዷን ያወጣል። ፊቷን ይሰማል፣ ይገለብጣል፣ ጀርባዋን ይሰማል፣ ከዚያ ለእኔ ያስረዳል። እኔ ደግሞ ፓራዳይዝ ሆቴል ውስጥ ስንት ክፍል ሳጸዳ ውዬ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጫለሁ። ሃርሞኒካውን ሰማሽው ወይ ይለኛል። ሰማሁት፤ ጎረቤቱም ሰምቶታል። ይሄ ልጅ እኮ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላውም ይለኛል። ታዲያ እናቱ የት ሄዳ ነው እላለሁ።

ኤሲውን ደግሞ ልንገራችሁ። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ቤቱ እንዲቀዘቅዝ የኤሲውን ሙቀት ዝቅ ሳደርግ ይህ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ከፍ ሲያደርግ ነው የኖረው። ሸክላ ሙቀት አይወድም፣ ይጣመማል ተባለ። አሁን ካርቶኑ ያለው መኝታ ቤታችን ውስጥ ነው፤ ኤሲውም የተስተካከለው በካርቶኑ ልክ ነው። በሐምሌ፣ በላስ ቬጋስ፣ ውጭ አስፋልቱ ሲለበልብ፣ እኔ በብርድ ልብስ እተኛለሁ። እንዲህ ዓይነት ብርድ ለኔ ሲሆን ለምን አልተገኘም ብዬ ብጠይቀው፣ አንቺ አትጣመሚም አለኝ።

ይሁን። እኔ ልነግራችሁ የተነሳሁት ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ትዕግሥት ነው፤ እነዚህ እንግሊዞች እየገቡ ያቋርጡኛል እንጂ።

ትዕግሥት ዲቪ ደርሷት ከመጣች ጀምሮ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ካለው ቤታችን ውስጥ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ትነዳለች። ሳቂታ ናት፣ ሙያ አላት፣ አርባን ልትደፍን ነው። አላገባችም። በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከመኪና እስከ በሩ ድረስ ያለችው መንገድ ለእሷ አታልቅም። አንዷ እህት ጌታ ያዘጋጀልሽ አለ ትላታለች። ሌላዋ እየጸለይን ነው ትላታለች። አንዱ አባት ደግሞ እጇን ይዞ ራሱን ይነቀንቃል፣ የሰው ቤት ለቅሶ የደረሰ ይመስል። እኔም እጠይቃታለሁ። ታላቅ እህት ነኝ፤ ሥራዬ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እትዬ፣ ሪኖ ትራንስፈር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ሪኖ እኮ ቀኑን ሙሉ በረሃ ለበረሃ የሚነዳበት ነው። እዚያ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት።

«የማያውቀኝ ሰው አለ» አለች።

ደነገጥኩ። ልጆቼ አድገው በየፊናቸው ወጥተዋል። ከእናቴ ልጆች በዚህ አገር ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ስታመም ሾርባ የምታመጣልኝ፣ ሳኮርፍ የምታስቀኝ እሷ ናት። እሷ ከሄደች ያ ቤት ለእኔና ለአምስት እንግሊዞች ሊቀር ነው። ስለዚህ ምን አደረግሁ? ልታገባ የምትችለውን ሰው በአስቸኳይ መፈለግ ጀመርኩ። ካገባች ሪኖ ይቀራል። ሌላ ምን መላ ነበረኝ?

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ቤተ ክርስቲያናችን ያላገቡ ሰዎች ኅብረት አለው። ሁላችንም ሲንግሎቹ ነው የምንላቸው። መሪያቸው በቅርቡ ራሱ አግብቶ ለቀቀና ኅብረቱ ያለ እረኛ ቀረ። አንድ እሑድ ከስብከት በኋላ እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ሳጥብ መጋቢያችን ከባሌ ጋር ቆሞ ያወራል። የተባባሉትን ኋላ ከሁለቱም ሰምቼ ነው የገጣጠምኩት።

መጋቢው፣ «ወንድም አበራ፣ ሰሞኑን ጠፍተውብናል፣ በምን ተይዘው ነው?» ይለዋል። ባሌ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ ማንም ጠይቆት አያውቅማ።

«ሲንግሎቹን ሪቪዚት እያደረግሁ ነው፣ መጋቢ።»

መጋቢው ሪ የምትለዋን ሰምቷት ይሁን እንጃ። ቪዚት የምትለዋን ግን ሰምቷል። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሁሉንም?» አለው።

«አንድም አላስቀርም። በየተራ። ችላ የተባሉ አሉ እኮ። በወጣትነታቸው አንዴ ታዩ፣ ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያያቸው ሰው የለም።»

«እውነት ነው» አለ መጋቢው። «በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያንም ጥፋተኛ ናት።»

ባሌ ቤተ ክርስቲያን በሸክላ ጉዳይ ጥፋቷን ማመኗ ገርሞታል። ግን ደስ ብሎታልና ቀጠለ። «ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ። ሁለቱንም ጎናቸውን። ሰው በፊታቸው ብቻ ነው የሚፈርደው፤ ከጀርባ ያለውን ማን ይሰማል?»

«ዕድሜያቸው የገፋውንስ?»

«እነሱ ናቸው የሚበልጡት። ትንሽ መጫጫር አያጣቸውም። ጠረግ ጠረግ ሲያደርጓቸው ግን ድምፃቸው ያው ነው።»

የመጋቢው ዓይን እንባ አቀረረ። «ታዲያ ለምን ወደዚህ አያመጧቸውም? አዳራሹ ቅዳሜ ረፋድ ባዶ ነው» አለው። ባሌ ጆሮውን አላመነም። ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። መጋቢውም ለእነሱ ያልሆነ አዳራሽ ለማን ሊሆን ነው አለው።

መኪና ውስጥ ይህን ሲነግረኝ ተጠራጠርኩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈን ዘፈን ነው። መኪናው ውስጥ ዘፈን ከፍቶ ፓርኪንግ የገባ ልጅ ተመክሯል። እንዴት ብሎ ነው ሃርሞኒካ የሚፈቀደው? አበራ ግን ዘመኑ ተለውጧል አለኝና አይ ፊፍቲን የሚባለውን አውራ ጎዳና ሙሉ እያፏጨ ነዳ።

በሚቀጥለው እሑድ ማስታወቂያ ተነበበ። ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ የሲንግሎች ኅብረት በወንድም አበራ መሪነት ይጀመራል፤ ያላገባችሁ ሁሉ እንዳትቀሩ ተባለ። አበራ በዚያች ደቂቃ የሰው መኪና መውጫ ዘግተሃል ተብሎ መኪናውን ሊያንቀሳቅስ ወጥቷል። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ልነግረው ልነሳ አልኩ።

ወደ ጎን ስዞር ትዕግሥት ጫማዋን ታያለች። ያላገባችሁ ሲባል አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አይቷታል። ቁጭ አልኩ። ያላገቡ ወንዶችም ይመጣሉ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ሰው አይጠፋም። ጌታ ይህን በር በባሌ ቂልነት በኩል ከከፈተው እኔ ማን ነኝ የምዘጋው? ዝም አልኩ። አልጸጸትበትም።

ትዕግሥት ግን ቤት ስንገባ ወጥ ቤት ተከትላኝ መጣች። «በዚህ ቤት መቼ ታገቢያለሽ ብሎኝ የማያውቀው ጋሽ አበራ ብቻ ነበር። እሱም እንደ እናንተ ሆነ?» አለችኝ። እውነቱን አልነገርኳት። ወገቡን ያመዋልና ማጫወቻውን የሚሸከምለት የለም፣ ቅዳሜ አብረሽው ሂጂ አልኳት። ለወገቡ ስትል ብቻ እሺ አለች። ከዚያ ግን ሻንጣዬን ነው የማስረው ብላ ገባች።

ቅዳሜ ደረሰ። ሳምቡሳ ጠብሼ ሄድኩ። አዳራሹ ሙሉ ነው። እናቶች ናቸው የላኳቸው። ሁሉም ጥርስ ሊያስነቅል ወረፋ የያዘ ይመስላል። ትዕግሥት ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጨረሻ ረድፍ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም። አበራ ሕዝቡን አይቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ሸክላ ይወድ ነበር?» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ ሳምቡሳውን መደርደር ያዝኩ።

እሱ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። «ብዙ ሰው ስለ ሲንግል የተሳሳተ ነገር ነው የሚያውቀው» አለ። «ሲንግል ማለት ከአልበም የጎደለ ቁራጭ ይመስለዋል። አይደለም። ሲንግል ብቻውን፣ ሙሉ ሆኖ ነው የተሠራው።»

ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ስልኳን አውጥታ የሚለውን መጻፍ ጀመረች።

«አንዳንዶቹን ኋላ ወስደው አልበም ውስጥ አስገቧቸው» ብሎ ቀጠለ። «ገቡ። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሁሉም አላማረባቸውም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አበራ ለምን እንደሳቁ አልገባውም፤ ግን ቤቱ ውስጥ ማንም ስቆለት ስለማያውቅ ፊቱ በራ። ትዕግሥትን አየኋት። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣለች።

ከዚያ መርፌውን አስቀመጠ። ጊታሩ ተነሳ፣ ሃርሞኒካው ገባ። የሚወዳት ሴት በባቡር ጥላው ስለሄደችው ሰው የሚያንጎራጉር ልጅ ነው። አንዱ ጎልማሳ እጁን አውጥቶ በአክብሮት፣ «ጋሽ አበራ፣ ስለ ትዳር የሚሉን ነገር የለም?» አለ።

አበራ ግራ ገባው። «ስለ ትዳር? እሱን ሚስቴን ጠይቋት። እኔ የማውቀው ስለ ሸክላ ነው» አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን ከነሳምቡሳዬ አየኝ። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ። ለኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ይህን ጊዜ ነው መጋቢው የገባው። በሩ ላይ ቆመ። ሃርሞኒካውን ሰማ። «ወንድም አበራ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ሲንግሏ ናት፣ መጋቢ። አሁን ልገለብጣት ነው።»

መጋቢው ሸክላዋን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ እንደገና ሸክላዋን አየ። ነገሩ የገባው በየትኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሶፍት እየቆጠርኩ ነበር። «ዘፈን ነው?» አለ ቀስ ብሎ። አበራ እንጉርጉሮ ነው አለው፤ የተገፋ ሰው እንጉርጉሮ። ማንም አልሳቀም። ባሌ በዚያች ሰዓት ከልቡ ነበር፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ።

ትዕግሥት ተነሳች። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። «መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እዚህ አዳራሽ መቼ ታገቢያለሽ ሳልባል ቁጭ ብዬ የዋልኩት ዛሬ ብቻ ነው። ዘፈንም ይሁን እንጉርጉሮ እኔ አላውቅም። ዛሬ ግን ወደ ቤት ልሂድ አላልኩም።» ከወዲያ ማዶ አንዱ አሜን አለ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

መጋቢያችን ደግ ሰው ነው። ትዕግሥትን ተቀመጪ አላት። ከዚያ ሰዎቹ ይቆዩ፣ ሸክላው ግን ይውጣ አለ። ሸክላው ወጣ። ሰዎቹም ተከትለውት ወጡ።

ውጭ ደግሞ ፀሐዩ። ሲንግሎቹ በቀጥታ ፓርኪንጉ ላይ ሊጣመሙ ነው። አበራ ካርቶኑን በኮቱ ሸፍኖ እየሮጠ ቶሎ በሉ ይላል። ወዴት? ኤሲው እንደ በረዶ የሆነ ቤት ወዳለበት ነዋ። ያን ሁሉ መኪና ከኋላችን አስከትለን ሰርገኛ መስለን ኖርዝ ላስ ቬጋስ ገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤቴ የኔ አይደለም። ሳምቡሳ ብቻ ነው የኔ።

ትዕግሥት አንድ ቅዳሜ ሰው ከሄደ በኋላ ብርጭቆ እያደረቀች፣ «ሪኖን ካንስል አደረግሁት» አለችኝ። እጄ ላይ የነበረውን ሳሙና ረስቼ አቀፍኳት። ከዚያ ማነው አልኳት።

«ማን ማነው?»

«ሰውየው ነዋ።»

«ሰውየው የለም፣ እትዬ» አለችና ሳቀች። እስኪበቃት ሳቀች። እንዴት የለም? ያን ሁሉ ላጤ በዓይኔ ቆጥሬ፣ ለአንዱ ሳምቡሳ ጨምሬ፣ ሌላውን ከእሷ ጎን አስቀምጬ፣ እንዴት የለም? እስካሁን ከመካከላቸው አንድም ጥንድ አልወጣም። እናቶቻቸው እየደወሉ ይወቅሱኛል። አንዷ ልጄ በፊት ቢያንስ ይተክዝ ነበር፣ አሁን ያፏጫል አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? እኔም እንዲያገቡ እንጂ እንዲያፏጩ አልጠራኋቸውም።

ያለፈው ቅዳሜ ግን ባሰ። የሳምቡሳውን ትሪ ይዤ ልጆቼ ይኖሩበት ወደነበረው ሰፊ ክፍል ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ወረቀት ተለጥፎበታል። የትዕግሥት እጅ ጽሑፍ ነው። ያገባ አይገባም ይላል።

በገዛ ቤቴ በር አንኳኳሁ። ትዕግሥት ገርበብ አድርጋ ከፈተች። «ምን ማለት ነው ይሄ?» አልኳት።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ። አንቺ ስትገቢ ሁሉም ኮሌታውን ያስተካክላል፤ ማንን ለማን ልትድሪ እንደመጣሽ እያሰበ።»

«አበራስ? እሱ አላገባም?»

ዞር ብላ አየችው። ሸክላው ላይ አጎንብሶ ዓይኑን ጨፍኗል። «እሱ ትዝ አይለውም» አለች። ትሪውን ተቀበለችኝና በሩን ዘጋችው።

እዚያው እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ጤናዬን ጠየቀች፣ የልጆቼን ጤና ጠየቀች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንደ ሁልጊዜዋ ትዕግሥትስ አለች። በበሩ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። ከሁሉ የሚጎላው የእህቴ ነው። ገና አዲስ ነገር የለም አልኳት።

እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲህ ልጄ እንዲያው ቆማ ቀረች በይኛ።»

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ቀረች። ጌታ ይመስገን።»